ማገዶም ሰብል ነው፦ ታዳሽ ነዳጅ ከምጣድ እስከ ማደያ

ባሕር ዳር፦ ስለ ነዳጅ ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ማደያ ይሄዳል። የቤንዚን ሰልፍ፣ የናፍጣ ዋጋ ጭማሪና የትራንስፖርት ታሪፍ የየዕለቱ መነጋገሪያ ናቸው። በኢትዮጵያ ሥራ ላይ ከሚውለው ኃይል ትልቁ ድርሻ ግን በማደያ በኩል አያልፍም። ከአሥር እጅ ዘጠኙ የሚጠጋው የሚገኘው ከእንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከሰብል ተረፈ ምርት ነው። የሀገሪቱ ዋነኛ ነዳጅ ዛሬም የሚለቀመው ከማሳ ዳር፣ ከጓሮና ከበረት ነው።

ይህ ነዳጅ ታዳሽ ነው ወይስ አይደለም? ለፀሐይ፣ ለነፋስና ለወራጅ ውኃ መልሱ ቀላል ነው፤ ዛሬ በመጠቀማችን ነገ አይጎድሉም። እንጨት ግን እንደ አያያዙ ነው። የተቆረጠውን ያህል በየጊዜው የሚተካ ከሆነ ታዳሽ ይባላል፤ ካልተተካ ደግሞ ከመሬት ተቆፍሮ እንደሚያልቅ ማዕድን ይቆጠራል። ኩበትም ቢሆን እንስሳቱ እስካሉ ድረስ በየቀኑ ይገኛል፤ ነገር ግን በምድጃ ውስጥ ሲነድ አብሮት የሚነድ ሌላ ሀብት አለ። በዚህ ጽሑፍ ቅድሚያ የተሰጠው በአማራ ክልል ለሚታወቁ ሁለት ነዳጆች፣ ለአዊ ከሰልና ለኩበት ነው። ወደ መኪና ቋት የሚገባው ኢታኖልም ተከትሎ ይመጣል።

የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ደጋማ ወረዳዎች፣ በተለይም ፋግታ ለኮማና ባንጃ፣ ዝናባቸው የተትረፈረፈ፣ አፈራቸው ግን ለረጅም ዘመን በዝናብ የታጠበና አሲዳማ ነው። አሲዳማ አፈር ላይ የሚጨመር ማዳበሪያ፣ በተለይ ፎስፈረስ፣ ከአፈሩ ጋር ስለሚተሳሰር ሰብሉ በሚገባ አያገኘውም። ለዚህ የሚታወቀው መድኃኒት ኖራ ነው። ኖራ ግን በሄክታር ብዙ ኩንታል የሚፈልግ፣ ማጓጓዣው ከዋጋው የሚከብድ ነገር ነው። አርሶ አደሩ ሰብል አልሰጥ ባለው መሬት ላይ ሌላ ነገር መሞከር የጀመረው በዚህ ችግር ውስጥ ሆኖ ነው።

የተሞከረው ዛፍ የትውልድ ሀገሩ ደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ የሆነው ዲከረንስ ነው። የግራር ዘመድ ሲሆን፣ እንደ ባቄላና እንደ አተር ሁሉ ሥሩ ላይ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ተባብሮ ከአየር ላይ ናይትሮጅን ወደ አፈር ያስገባል። በፍጥነትም ያድጋል። የአካባቢው አርሶ አደሮች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲሞክሩት ቆይተው፣ ከ2000 ዓ.ም በኋላ ባሉት ዓመታት በስፋት ተከሉት።

አሠራሩ ሊጠና የሚገባው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ የሚተከለው ጤፍ በተዘራበት ማሳ ላይ ነው። ለጤፉ የሚደረገው እርሻና አረም ለችግኙም ይጠቅመዋል፤ አርሶ አደሩም በዚያው ዓመት ጤፉን ያጭዳል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት በዛፎቹ መካከል የሚበቅለው ሣር ታጭዶ ለከብት ይቀርባል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ይቆረጥና እዚያው ማሳ ላይ ይከስላል። ቅርንጫፉና ጭራሮው ለቤት ማገዶ ይሆናል። ከዚያም መሬቱ ታርሶ እንደገና ጤፍ ይዘራበታል፤ አዲስ ችግኝም ይተከልበታል።

እዚህ ላይ ከባሕር ዛፍ ጋር ያለው ልዩነት መታየት አለበት። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ደጋግሞ ስለሚያቆጠቁጥ አንዴ የያዘውን መሬት ለዓመታት አይለቅም። ዲከረንስ እንደዚያ አያቆጠቁጥም፤ ስለዚህ በየአራትና በየአምስት ዓመቱ መሬቱ ወደ አርሶ አደሩ ይመለሳል። ከሰሉ በከሰለበት ቦታ የሚቀረው አመድም የአፈሩን አሲዳማነት ይቀንሳል። ክምሩ የነበረበት ቦታ ላይ ሰብሉ ከሌላው ጠቁሮና በርትቶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። በሌላ አነጋገር፣ የአዊ ገበሬ ዲከረንስን እንደ ደን አልያዘውም። እንደ ማንኛውም ሰብል በተራው የሚዘራ፣ በተራው የሚታጨድ አድርጎታል።

በዚህ ሰብል ዙሪያ የተፈጠረው ሥራም ቀላል አይደለም። ችግኝ የሚያፈሉ ወጣቶች፣ ዛፍ ቆራጮች፣ ከሰል አክሳዮች፣ ጫኝና አውራጆች፣ ደላሎችና ባለ መኪናዎች ከዚህ ዛፍ ይኖራሉ። መሬት የሌለው ወጣት ከሰል በማክሰል ቀን ሥራ ያገኛል፤ አቅም ያጣ ባለ መሬት ደግሞ ቆሞ ያለውን ዛፍ ሸጦ ለአስቸኳይ ጉዳዩ ገንዘብ ያገኛል። ከሰሉ በክልሉ ከተሞች ብቻ ሳይወሰን እስከ አዲስ አበባ ይጓዛል። በከተማ “አንድ ማዳበሪያ ከሰል” ሲባል ማዳበሪያ የሚለው ቃል ጆንያውን ብቻ እንደሚያመለክት የታወቀ ነው። ዩሪያ ጭኖ ወደ ገጠር የገባው ጆንያ ከሰል ጭኖ ወደ ከተማ ይመለሳልና፣ የገጠሩና የከተማው የነዳጅ ግንኙነት በአንድ ጆንያ ላይ ይታያል።

የሳተላይት ምስሎችን የመረመሩ ጥናቶች በፋግታ ለኮማ ወረዳ የዛፍ ሽፋን መጨመሩን አሳይተዋል። በብዙ አካባቢዎች ከሰል የደን መመንጠር ምክንያት ሆኖ ሳለ፣ እዚህ የዛፍ መብዛት ምክንያት ሆነ። ከማሳው ማገዶም ገንዘብም የሚያገኝ ሰው ወደ ተፈጥሮ ደን መጥረቢያ ይዞ የሚሄድበት ምክንያት ይቀንሳል።

ይሁን እንጂ ሁለት ጉድለቶች አሉ። አንደኛው አከሳሰሉ ነው። በአፈር በተሸፈነ ክምር በልማድ ሲከስል፣ ከአንድ ኩንታል እንጨት የሚገኘው ከሰል ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ግራም ነው። የቀረው በጭስና በጋዝ መልክ አየር ላይ ይበተናል፤ በእንጨቱ ውስጥ ከነበረው ኃይልም ከግማሽ የሚበልጠው ከምድጃ ሳይደርስ ይጠፋል። እንጨቱን አስቀድሞ በደንብ ማድረቅ፣ ክምሩን አስተካክሎ መደርደርና ጭስ መውጫ ቧንቧ መጠቀም ምርቱን ከ25 እስከ 30 ኪሎ ግራም ሊያደርሰው ይችላል። ይህ ማለት ተጨማሪ መሬት ሳይያዝ፣ ተጨማሪ ዛፍ ሳይቆረጥ ገቢው ያድጋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ቧንቧና ሥልጠና ብቻ ሆኖ ሳለ እስካሁን በስፋት አለመዳረሱ የሚያስቆጭ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የከፋ ሆኖ ተገኝቷል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአዊ የዲከረንስ ተክል ላይ የስንዴ ዋግን የመሰለ የፈንገስ በሽታ ወርዶ ሰፊ ጉዳት አድርሷል። በሽታው ቅጠሉንና ለጋ ቅርንጫፉን ይይዛል፤ ዛፉ ይጠወልጋል፣ ዕድገቱ ይቆማል፣ ይደርቃል። ለከሰል የደረሰ ዛፍ ቢታመም ፈጥኖ ቆርጦ ማትረፍ ይቻል ይሆናል። የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ዛፍ ሲደርቅ ግን ለከሰልም አይሆን፣ ለጭራሮ ካልሆነ በቀር ዋጋ የለውም። ለልጅ ትምህርት፣ ለቤት ክዳን፣ ለብድር መመለሻ ታስቦ ሦስትና አራት ዓመት የተጠበቀ ገንዘብ ማሳ ላይ ቆሞ ይጠፋል። በሽታው እንዲህ በፍጥነት የተዛመተው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ዛፍ ስለተተከለ ነው። ስንዴ በስንዴ ላይ ደጋግሞ መዝራት ዋግን እንደሚያበረታ የሚያውቅ ገበሬ፣ ዛፍ ላይ ሲደርስ ያንኑ ጥንቃቄ ተወው። የግብርና ባለሙያውም በጊዜው አጥብቆ አላሳሰበውም።

ሁለተኛው ነዳጅ ኩበት ነው። ዛፍ በሌለበት፣ በተለይም በሰሜን ሸዋ፣ በወሎና በጎንደር ገላጣ ደጋዎች፣ እበት ተጠፍጥፎ ደርቆ የዓመቱ ማገዶ ይሆናል። በተለምዶ ኩበት ገንዘብ የማይወጣበት ነዳጅ ይመስላል። ሒሳቡ ሲሠራ ግን እንዲያ አይደለም። በደረቀ ኩበት ውስጥ እንደ ከብቱ አመጋገብ ከክብደቱ ከመቶ ከአንድ እስከ ሁለት እጅ የሚሆን ናይትሮጅን አለ። አሥር ኩንታል ኩበት ሲነድ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ወደ አየር ይሄዳል ማለት ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ስለሚይዝ፣ አሥር ኩንታል ኩበት ያነደደ ቤተሰብ ከአንድ አምስተኛ ኩንታል ያላነሰ ዩሪያ ምድጃ ውስጥ እንደከተተ ሊቆጠር ይችላል። እርግጥ በእበት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በአንድ ክረምት ሁሉም ለሰብል አይደርስም፤ በሌላ በኩል እበት ለአፈር የሚሰጠውን ልስላሴና እርጥበት የመያዝ አቅም ዩሪያ አይሰጥም። ኢትዮጵያ የምትጠቀምበትን ዩሪያ በውጭ ምንዛሪ ገዝታ በወደብ በኩል የምታስገባ ሀገር መሆኗ ሲታሰብ፣ የኩበት ጭስ ከማዳ ቤት አልፎ እስከ ብሔራዊ ባንክ ይሸታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ማገዶውንም ማዳበሪያውንም ሳያጡ ለመጠቀም የሚያስችለው ባዮጋዝ ነው። ባዮጋዝ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም፤ የመጀመሪያው ማብላያ የተሠራው በ1950 ዓ.ም አካባቢ በአምቦ እርሻ ኮሌጅ ነበር። በስፋት የተሞከረው ግን በ2001 ዓ.ም በተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ አማራን፣ ኦሮሚያን፣ ትግራይንና የቀድሞውን ደቡብ ክልል ያካተተ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ 14 ሺህ ማብላያዎችን ለመገንባት አቅዶ ከ8 ሺህ ጥቂት የሚበልጡትን ገነባ። የተመረጠው ዓይነት “ስንዱ” የተባለ፣ ከመሬት በታች በድንጋይና በሲሚንቶ የሚሠራ ጉልላት ያለው ማብላያ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እበትና ውኃ እኩል ለእኩል ተበጥብጦ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። አየር በማይገባበት በዚያ ክፍል ውስጥ ረቂቅ ተሕዋስያን እበቱን እያብላሉ ጋዝ ይለቃሉ፤ ከጋዙ ከግማሽ የሚበልጠው ሚቴን ነው። ጋዙ በጉልላቱ ሥር ተጠራቅሞ በቧንቧ ወደ ማዳ ቤት ይሄዳል። ከአንድ ኪሎ እርጥብ እበት 40 ሊትር የሚጠጋ ጋዝ ይገኛል። አራት ከብት ያለው ቤተሰብ በቀን 40 ኪሎ ያህል እበት ቢሰበስብ፣ አንድ ምድጃ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት የሚያነድ ጋዝ ያገኛል። ለወጥ፣ ለቡናና ለእራት ይበቃል። ናይትሮጅኑ ግን አይነድም፤ ባዮስላሪ በሚባለው ዝቃጭ ውስጥ ሆኖ በሌላው በኩል ይወጣል። ዝቃጩ ከኩበቱ ይልቅ ለሰብል የፈጠነ ምግብ ነው። ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ከቆየ ግን ናይትሮጅኑ ስለሚተን፣ በጥላ ሥር መያዝ ወይም ከገለባና ከቅጠል ጋር ቀላቅሎ ኮምፖስት ማድረግ ያስፈልጋል።

ታዲያ ይህን ያህል ጥቅም ያለው ነገር ለምን በየቤቱ አልገባም? ትልቁ መልስ እንጀራ ነው። በኢትዮጵያ ቤተሰብ ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ የሚበልጠውን የሚበላው ምጣድ ነው። ምጣድ ሰፊና እኩል የሆነ ብርቱ ሙቀት ይፈልጋል፤ የባዮጋዝ ምድጃ የሚሰጠው ደግሞ ለድስት የሚስማማ ጠባብ ነበልባል ነው። ለምጣድ የሚሆኑ የባዮጋዝ ምድጃዎች ቢሠሩም፣ አንድ ጊዜ ሲጋገር የቀኑን ጋዝ ይጨርሳሉ። ስለዚህ ማብላያ ያለው ቤትም ለእንጀራ እንጨትና ኩበት ማንደዱን አይተውም። እናቶች ማብላያ ከተሠራ በኋላም ማገዶ ፍለጋ አልቀረልንም ቢሉ የሚፈረድባቸው አይደሉም።

ሌሎቹ ችግሮች የአካባቢ ናቸው። 40 ኪሎ እበት 40 ሊትር ውኃ ይፈልጋል፤ ያም ሁለት ጄሪካን በየቀኑ ማለት ነው። ብርድ ባለበት ደጋ ተሕዋስያኑ ስለሚዳከሙ የጋዙ መጠን ይወርዳል። የቧንቧ መገጣጠሚያ ወይም የምድጃ ክፍል ሲበላሽ መለዋወጫው በወረዳ ከተማ ስለማይገኝ፣ በትንሽ ዕቃ ምክንያት ሥራ ያቆሙ ማብላያዎች ጥቂት አይደሉም። ማብላያ ለማሠራት የሚያስብ አርሶ አደር ከሲሚንቶው ዋጋ በፊት ሦስት ነገር ማየት ይጠቅመዋል፦ ቢያንስ አራት ከብት ማታ ማታ ቤት አቅራቢያ ያድራሉ ወይ? ውኃ ከግማሽ ሰዓት በማይበልጥ ርቀት ዓመቱን ሙሉ ይገኛል ወይ? ሲበላሽ የሚጠግን ሰው ማን ነው? ለሦስቱ መልስ ከሌለው ገንዘቡን በማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ላይ ቢያውለው ይሻለዋል። “ምርጥ” የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ለከተማ ነዋሪም “ላቀች” የተባለው የከሰል ምድጃ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ያተርፋል።

የመኪናው ነዳጅ ታሪክ ከዚህ ያጥራል። መንግሥት በ2000 ዓ.ም መጀመሪያ የባዮፊዩል ልማትና አጠቃቀም ስትራቴጂ አወጣ። ጊዜው የዓለም የነዳጅ ዋጋ ጣሪያ የነካበት ነበር። በ2001 ዓ.ም በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር ከመቶ አምስት እጅ ኢታኖል መደባለቅ ተጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም ድርሻው ወደ አሥር እጅ ከፍ አለ። ኢታኖሉ የሚመጣው ከፊንጫና ከመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ሲሆን፣ የሚሠራውም ስኳር ከወጣ በኋላ ከሚቀረው ሞላሰስ ነው። ከአሥር ኩንታል ሞላሰስ 250 ሊትር ያህል ኢታኖል ይገኛል። ተረፈ ምርት ስለሆነ ከእህል ጋር አይሻማም፤ ጥሩ ጎኑ ይህ ነው። መጥፎ ጎኑ ደግሞ መጠኑ በስኳር ምርት የተወሰነ መሆኑ ነው። ስኳር ሲያንስ ኢታኖልም ያንሳል፤ ሞላሰሱንም የከብት መኖና የአልኮል መጠጥ ይሻሙታል። ድብልቁ በአቅርቦት ማነስ የተቆራረጠው ለዚህ ነው። ብራዚል ቤንዚኗን በኢታኖል የደባለቀችው እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ሰፊ የሸንኮራ እርሻ ለዚሁ ብላ አልምታ ነው፤ በተረፈ ሞላሰስ ብቻ ያን መንገድ መሄድ አይቻልም። ያለውን ኢታኖል ከቋት ይልቅ ለምድጃ ማዋልም ሌላ አማራጭ ነው፤ በሶማሌ ክልል በጅግጅጋ አካባቢ ባሉ የስደተኞች መጠለያዎች የኢታኖል ምድጃ ለዓመታት አገልግሏል። በጃዊ ወረዳ የሚገኘው የጣና በለስ ስኳር ፋብሪካ ምርቱ ሲያድግ የሞላሰሱ ዕጣ ምን ይሁን የሚለው ለክልሉ የሚቀር ጥያቄ ነው።

ጃትሮፋና ጉሎ ደግሞ ብዙ ተስፋ ተጥሎባቸው የከሸፉ ናቸው። በስትራቴጂው ከ23 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ለዘይት ሰጪ ተክሎች ተስማሚ ነው ተብሎ ነበር። ተክሎቹ በደረቅና በተራቆተ መሬት ያፈራሉ የሚለው ተስፋ ግን በማሳ ላይ አልተረጋገጠም፤ በድርቅ አይሞቱም እንጂ ብዙ አያፈሩም። ምርት እንዲሰጡ ጥሩ መሬት ሲሰጣቸው ደግሞ የእህልን ቦታ ይይዛሉ። በምሥራቅ ሐረርጌ ለአንድ የውጭ ኩባንያ ለጉሎ የተሰጠው መሬት ከባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ጋር ተደራርቦ ብዙ አነጋግሯል። በሌላ በኩል በባቲ አካባቢ አርሶ አደሮች ጃትሮፋን ከማንም ሳይነገራቸው ለአጥርና አፈር እንዳይሸረሸር ለማድረግ ሲተክሉት ኖረዋል። በዚያ ቦታው ተክሉ ማንንም አልጎዳም።

ዛሬ የመንግሥት ትኩረት ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል። በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተወስኗል፤ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋገር እንጀራ የከሰልና የእንጨት ፍላጎትን እንደሚቀንስ አያጠራጥርም፤ በከተሞችም እየታየ ነው። ነገር ግን መስመር ያልደረሰው የገጠር ቤት ብዙ ነው፤ መስመር የደረሰውም ቢሆን ለአምፖል የሚበቃ እንጂ ለምጣድ የሚሸከም ላይሆን ይችላል። ለመጪዎቹ ዓመታትም እንጨትና ከሰል ይነዳሉ።

ስለዚህ ከሰልን እንደ ወንጀል ብቻ ማየት አያዋጣም። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል ደንን እውቅና ሰጥቶታል። ኬላ ላይ ግን ከማሳ የመጣውን ከሰል ከተፈጥሮ ደን ከተመነጠረው የሚለይ ምልክት በጆንያው ላይ የለም። የቀበሌ ማረጋገጫ ከጭነቱ ጋር ቢሄድና ኬላው ያንን አይቶ ቢያሳልፍ፣ ተክሎ የሚያከስለው ገበሬ ካልተከለው ጋር አንድ ላይ አይቀጣም፤ ደኑን የሚመነጥረውም መደበቂያ ያጣል።

በአዊ በሽታው ከገባ ወዲህ አንዳንዱ ማሳውን ወደ ሰብል፣ ሌላው ወደ ባሕር ዛፍ መልሷል። ዲከረንስን ላለመተው የሚፈልግ ሰው ማሳውን ከፋፍሎ በየተራ ከሌሎች ዛፎችና ከሰብል ጋር ቢያፈራርቀው፣ የታመመውንም ፈጥኖ ቢያስወግድ ጉዳቱ ይቀንሳል። ለዚህ ግን የሌሎች ዛፎች ችግኝ መገኘት አለበት። በሐምሌ የሚተከል ችግኝ መደብ ላይ የሚዘራው ከወራት በፊት በበጋው ነውና፣ ችግኝ የሚያፈሉ ወጣቶች ምን ምን ዘር እንደሚያስፈልግ ከአርሶ አደሩና ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መስማት ያለባቸው ክረምቱ ሳይደርስ ነው።